በ7 ቁጥር አይረን ስመታ የሚነሣው ትልቅ ዲቮት ምንን ያሳያል?

አረንጓዴ ሜዳ (ቨርጂኒያ)

ጤና ይስጥልኝ። ጎልፍ መጫወት ከጀመርሁ ሦስተኛ ዓመቴ ነው፤ የምመታውም በቀኝ እጄ ነው። በ7 ቁጥር አይረን (ራሱ ብረት በሆነው የጎልፍ ዱላ) ስመታ ዱላው የጫማ ሶል የሚያህል ሣር ከነሥሩ ገሽልጦ ያነሣል፤ ይህ ቁራጭ ነው ዲቮት የሚባለው፤ የሚተወው ጉድጓድም ጣቴን እስከ መጀመሪያው አንጓ ድረስ ይውጣል። ያስተማረኝ ሰው «ወደ ታች ምታ» እያለ ደጋግሞ ይነግረኝ ስለነበር፣ ዲቮቱ ባደገ ቁጥር ትምህርቱን በሚገባ የያዝሁ ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን ኳሱ አንድ ጊዜ 140 ሜትር ይሄድና በሚቀጥለው ምት 115 ሜትር ላይ ይወድቃል፤ ጨዋታው ሲያበቃም የግራ ክርኔን ያመኛል። አብሮኝ የሚጫወተው ጓደኛዬ ሣሩን ላጭቶ ብቻ ያልፋል፣ ኳሱ ግን ከእኔው ይልቅ ርቆና ቀንቶ ይሄዳል። የዲቮቱ ትልቅነት ዱላው ወደ ኳሱ ስለሚወርድበት ማዕዘን በእርግጥ ምን ይነግረናል? ማዕዘኑን ላለዝበው ወይስ ችግሩ ሌላ ነው?

ባለ አይረን (ሜሪላንድ)

ወንድሜ፣ ጥያቄዎ ትክክለኛ ቦታውን የነካ ነው፤ ብዙ ተጫዋች «ወደ ታች ምታ» የሚለውን ምክር «መሬቱን ቆፍር» ብሎ ስለሚሰማው ለዓመታት ይለፋል። ትራክማን በተባለው የራዳር መሣሪያ ከተለኩት የፒጂኤ ቱር (የአሜሪካ የወንዶች ፕሮፌሽናል ጎልፍ ውድድር) ተጫዋቾች አማካይ ብንነሣ፣ በ7 ቁጥር አይረን ዱላው የሚወርድበት ማዕዘን 4 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ በሴቶቹ በኤልፒጂኤ ደግሞ ከ2 ዲግሪ ትንሽ ይበልጣል። ይህ ዓይን የማይለየው ቁልቁለት ነው።

አሁን ስሌቱን እንመልከት። የዱላው ራስ የሚጓዝበት ቅስት ራዲየሱ በግምት 1.5 ሜትር ነው እንበል። በ4 ዲግሪ የወረደ ዱላ ዝቅተኛ ነጥቡ ላይ የሚደርሰው ኳሱን በ10 ሴንቲሜትር ያህል አልፎ ሲሆን፣ ኳሱን ከነካበት ከፍታ በታች የሚወርደው 4 ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። ማዕዘኑ ወደ 8 ዲግሪ ሲያድግ ዝቅተኛው ነጥብ 21 ሴንቲሜትር ያህል ይርቃል፤ ጥልቀቱ ግን 14 ሚሊሜትርን ያልፋል። ማዕዘኑ እጥፍ ሲሆን ጥልቀቱ አራት እጥፍ ሆነ ማለት ነው። እርስዎ የነገሩንን ጉድጓድ 2 ሴንቲሜትር ተኩል ብለን ብንወስደው፣ ኳሱን ቀድሞ በንጽሕና የመታ ዱላ ያን ያህል ለመጥለቅ ከ10 ዲግሪ በላይ መውረድ ነበረበት። ይህ በ7 ቁጥር አይረን እጅግ የበዛ ስለሆነ፣ እኔ የምጠረጥረው ዱላው ከኳሱ በፊት መሬት እየገባ መሆኑን ነው።

ስለዚህ ዲቮቱ ሲነሣ መሬቱ ላይ የሚቀረውን የትልሙን ስፋት ትተው የሚጀምርበትን ቦታ ይዩ። በልምምድ ሜዳው ላይ በነጭ ቀለም ቀጥ ያለ መስመር ያስምሩ፤ ኳሶቹን መስመሩ ላይ ደርድረው አንድ በአንድ ይምቱ። የእያንዳንዱ ትልም መጀመሪያ መስመሩ ላይ ወይም ከመስመሩ ወዲያ፣ በዒላማው በኩል መሆን አለበት። ጓደኛዎ ሣሩን ላጭቶ ማለፉም ጉድለት አይደለም፤ አሜሪካዊውን ፕሮፌሽናል ጎልፈኛ ስቲቭ ስትሪከርን የመሰለ አይረን የሚያውቅ ሰው ዕድሜውን ሙሉ የተጫወተው በስስ ዲቮት ነው።

የአሸዋው ጎረቤት (ዱባይ)

ከላይ በተሰጠው ማብራሪያ እስማማለሁ፤ ሆኖም አፈሩ እንዳይዘነጋ። እዚህ አሸዋ ላይ በበቀለ ቤርሙዳ ሣር ስጫወት የማነሣው ዲቮት፣ ሥሩ ጠንካራ መረብ ስለሚሠራ አጭርና ስስ ነው፤ ዝናብ በጠጣ ሸክላ አፈር ላይ ያው ምት ጓል ይፈነቅላል። የዱላው ታችም ድርሻ አለው። ባውንስ የሚባለው የሶሉ እብጠት ዱላው እንዳይሰምጥ ያንሸራትተዋል፤ እጅዎን ከመጠን በላይ ወደ ፊት አስቀድመው ከመቱ ግን ያ እብጠት ይሰወርና የፊቱ ስለት እንደ ማረሻ ይገባል። ገበሬ እርፉን ሲጫነው የሚሆነውን ያስቡ።

አረንጓዴ ሜዳ (ቨርጂኒያ)

ሁለታችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ትናንት መስመር አስምሬ 20 ኳስ መታሁ። ከእነዚህ ውስጥ 13ቱ ትልማቸው ከመስመሩ በስተኋላ አራት ጣት ያህል ቀድሞ ይጀምራል። ከእያንዳንዱ በኋላ የዱላውን ፊት ገልብጬ አየሁት፤ በጎድጓዳ መስመሮቹ ውስጥ ጭቃና የተፈጨ ሣር ተጣብቆ ነበር። በንጽሕና በመታኋቸው ሰባቱ ላይ ግን የኳሱ ነጭ ዱካ ብቻ ነበር የሚታየው፤ ትልማቸውም ጥልቀት አልነበረውም። አንድ ነገር ግን ግራ ገባኝ፤ በየሳምንቱ የምለማመደው በሰው ሠራሽ ሣር ምንጣፍ ላይ ነው፣ እዚያ ደግሞ ሁሉም ምት ጥሩ ይመስላል።

ባለ አይረን (ሜሪላንድ)

ምክንያቱን ራስዎ አገኙት። ምንጣፍ ላይ ዱላው 5 ሴንቲሜትር ቀድሞ ቢያርፍም ስለማይሰምጥ ተንሸራትቶ ኳሱን ያገኘዋል፤ ስሕተቱ የሚሰማው ክርንዎ ብቻ ነው። ሕመሙ እስኪተው ድረስ ምንጣፉን ይተዉና በሣር ላይ ግማሽ ምት ይምቱ። ስለ ማዕዘኑ አሁን አያስቡ። የሚያስፈልገው ዝቅተኛውን ነጥብ ወደ ዒላማው ማራመድ ነው፤ ዱላው ኳሱን በሚነካበት ቅጽበት የሰውነትዎ ክብደት አብዛኛው በግራ እግርዎ ላይ ያረፈ ይሁን፣ ደረትዎም ወደ ኋላ አይንጋደድ። ኳሱንም ከመቆሚያዎ መካከል እምብዛም ወደ ግራ አያርቁት።

ትልሙ ከዒላማው ትንሽ ወደ ግራ ቢያመለክት አይደንግጡ። ዱላው ዝቅተኛ ነጥቡን ሲያልፍ ወደ ውስጥ እየዞረ ስለሆነ፣ ኳሱ ቀጥ ብሎ ሄዶም ትልሙ በጥቂቱ ግራ ሊያይ ይችላል። የትልሙ በዱላው ጫፍ (ከእግርዎ በራቀው) በኩል ያለው ጎን ከሌላው ጠልቆ ካገኙት ግን ዘንጉ ለቁመትዎ የተጋደመ ሊሆን ስለሚችል፣ የዱላ መለኪያ ባለሙያ ያሳዩት።