አንድ ትራንስፖንደር ላይ 10 ቻናል፦ ማታ ላይ ሁሉም በአንዴ ይሰባበራሉ

ሙሉጨረቃ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። 8 ኤችዲ ቻናል በቋሚ ቢትሬት (በሰከንድ በሚላክ የቢት መጠን) ይሄድበት የነበረ ትራንስፖንደር (ሳተላይቱ ላይ ያለ አንድ ማስተላለፊያ) ላይ 2 ጨምረን 10 አደረግንና ስታትመክስ (ቻናሎቹ አንድ የጋራ ቢት ቋት እንደየክብደታቸው የሚካፈሉበት ዘዴ) አበራን። ቀን ላይ ምንም ችግር የለም። ማታ በሁለት ቻናል ኳስ ሲኖር ግን 10ሩም በአንድ ቅጽበት ካሬ ካሬ ሆነው ይሰባበራሉ፣ ሁለት ሦስት ሰከንድ ቆይተው ይመለሳሉ። ዝርዝሩ ይኸውና፦

ሞጁሌሽኑ ዲቪቢ ኤስ2፣ 8ፒኤስኬ 2/3 (2/3ው ጠቃሚ ቢት፣ ቀሪው ስህተት ማረሚያ)፣ ሲምቦል ሬት 27.5 ሜጋ፣ ረጅሙ ፍሬም፣ ፓይለት (ሪሲቨሩ ሲግናሉን እንዲከተል የሚረዱ ቋሚ ሲምቦሎች) በርቷል። 9ኙ ቻናል እዚሁ ኤች.264፣ 1080 ኢንተርሌስድ፣ 25 ፍሬም ይጨመቃል። 10ኛው ከሌላ ጣቢያ ተጨምቆ በአይፒ ይመጣል፣ ድምፁን ጨምሮ ቋሚ 5 ሜጋቢት ነው። ድምፅ ለያንዳንዱ 192 ኪሎቢት፣ ኤምፔግ ሌየር 2። ለ9ኙ ቪዲዮ የጋራ ቋቱ 47 ሜጋቢት ነው፤ ከ54.4 ላይ ለ10ኛው 5፣ ለድምፅ 2 ቀንሼ ያገኘሁት። ለአንድ ቻናል ትንሹ 2፣ ትልቁ 12። ምስሉ በቂ ጥራት ላይ ከደረሰ ኢንኮደሩ (መጭመቂያው) ተጨማሪ ቢት እንዳይወስድ የጥራት ጣሪያም ተቀምጧል።

አንዱ የዜና ቻናል ደግሞ ቀንም ማታም ይደበዝዛል። ወደ 3/4 ብንወጣ ሁለቱም ይፈታ ይሆን?

ቢት ቆጣሪ

ስለ 3/4 ከማውራታችን በፊት ሁለት ነገር ንገረን። የመልቲፕሌክሰሩ (ቻናሎቹን ወደ አንድ ጅረት የሚያጣምረው) መውጫ ስንት ላይ ነው የተሞላው? ስብርባሪው ሲመጣ የኮንቲኒዩቲ ካውንተር (ፓኬት መጥፋቱን የሚያሳየው ቆጣሪ) ስህተቱ የሚታየው የት ነው፣ ከሞጁሌተሩ (ጅረቱን ወደ ሲግናል ከሚቀይረው) በፊት ወይስ ሪሲቨሩ ላይ ብቻ?

አንድ ቻናል ብቻውን ቢሰበር ኢንኮደሩን ወይም ከሱ የሚመጣውን የኔትወርክ መስመር እጠረጥር ነበር። 10ሩም በአንዴ ከተሰበሩ ግን ችግሩ ሁሉም የሚያልፉበት ቦታ ላይ ነው፦ መልቲፕሌክሰር፣ ሞጁሌተር ወይም ሲግናሉ ራሱ። ሲግናል ደግሞ የኳስ ሰዓት መርጦ አይደክምም።

ሙሉጨረቃ

መውጫው 54.4 ነው። ስህተቱ ሪሲቨሩ ላይ በብዛት አለ፣ ከሞጁሌተሩ በፊትም አልፎ አልፎ ይታያል።

ቢት ቆጣሪ

እንግዲያው ሁለት ቦታ ላይ ነው የሚፈስሰው።

የመጀመሪያው ፓይለት ነው። 54.47 ሜጋቢት የ8ፒኤስኬ 2/3 አቅም ፓይለት ሲጠፋ ነው። አንድ ረጅም ፍሬም 42,960 ቢት ይይዛል፣ ርዝመቱ 21,690 ሲምቦል ነው። ፓይለት ስታበራ እያንዳንዳቸው 36 ሲምቦል የሆኑ 14 የፓይለት ብሎኮች ይገቡና ርዝመቱ 22,194 ይሆናል። 42,960ን ለ22,194 አካፍለህ በ27.5 ስታባዛ 53.23 ሜጋቢት ታገኛለህ። ከሰንጠረዥ 54.4ን አንስተህ ፓይለቱን ስትዘነጋ 1.2 ሜጋቢት የሌለህን አቅም ቆጥረሃል።

ቀን ላይ ለምን አልታየም? ብዙ ሞጁሌተር የሚገባለትን ባዶ ፓኬት፣ ማለትም ፒአይዲው (መለያ ቁጥሩ) 8191 የሆነውን፣ እየጣለ ፍጥነቱን ከራሱ ጋር ያስማማል። ዜና አንባቢ ቁጭ ብሎ ሲያነብ ኢንኮደሮቹ የጥራት ጣሪያቸው ላይ ስለሚቆሙ የቀረው ቦታ በባዶ ፓኬት ይሞላል፤ ሞጁሌተሩ የሚጥለው እሱን ነው። ኳስ ሲመጣ ባዶው ያልቃል፣ ያኔ የሚጣለው እውነተኛ ፓኬት ይሆናል። ከየትኛው ቻናል እንደሚጥል ስለማይመርጥ 10ሩም አብረው ይሰበራሉ።

ሁለተኛው የቋቱ ስሌት ነው። 47 ያልከው የቪዲዮው ንጹህ ቢትሬት ነው ወይስ በትራንስፖርት ፓኬት ከታሸገ በኋላ ያለው? ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ከ188 ባይት ፓኬት 4ቱ ራስጌ ነው፤ ስለዚህ 47 ንጹህ ከሆነ መስመሩ ላይ 48 ይሆናል።

ሙሉጨረቃ

ንጹሁ ነው። ሜኑው ላይ "ቪዲዮ ቢትሬት" ነው የሚለው።

ሠንጠረዥ ሰሪ

ወንድሜ፣ ስሌትህ ውስጥ በጅረቱ የሚላኩት ሠንጠረዦችና የሲኤው (የክፍያ ቻናል መቆለፊያው) መረጃም የሉም። ፒኤቲም (የቻናሎቹ ዝርዝር) ሆነ እያንዳንዱ ፒኤምቲ (የአንዱ ቻናል ይዘት ዝርዝር) በ100 ሚሊሰከንድ አንዴ ከተላከ፣ አንዱ ብቻውን 188 ባይት በ8 በ10 ማለትም 15 ኪሎቢት ይወስዳል። ለ10 ቻናል ከፒኤቲው ጋር 165 ኪሎቢት ገደማ ነው። የሚከብደው የፕሮግራም መመሪያው ነው፤ የሳምንት ፕሮግራም በኢአይቲ ከላክህ ግማሽ ሜጋቢትና ከዚያ በላይ በቀላሉ ይበላል። ለሁሉም ሠንጠረዥ 0.9፣ ለኢሲኤምና ለኢኤምኤም (የሲኤው የመክፈቻ ቁልፍና የደንበኛ ፈቃድ መልእክቶች) 0.5 ያዝ። ኢኤምኤም ደንበኞች ካርድ የሚያድሱበት ቀን ሲደርስ ያብጣል፣ ስለዚህ መልቲፕሌክሰሩ ላይ ጣሪያ አስቀምጥለት።

አሁን ያለህ በሙሉ ጭነት ይህን ይመስላል፦ ቪዲዮ 48.0፣ 10ኛው 5.0፣ የ9ኙ ድምፅ ከነማሸጊያው 1.9፣ ሠንጠረዥ 0.9፣ ሲኤ 0.5። ድምሩ 56.3። 54.4 ላይ መልቲፕሌክሰሩ ራሱ ይጥላል፤ ከሞጁሌተሩ በፊት አልፎ አልፎ ያየኸው ይሄ ነው። የተረፈውን ደግሞ 53.23 ላይ ሞጁሌተሩ ይጥለዋል።

ከላይ ወደ ታች እንደገና ቀንስ፦ 53.23 ሲቀነስ 5.0፣ 1.9፣ 0.9፣ 0.5፣ ለመጠባበቂያ 0.8። 44.1 ይቀራል፣ ይህ ከነማሸጊያው ነው። ወደ ንጹህ ቪዲዮ ለመመለስ በ184 አባዝተህ ለ188 አካፍል፤ 43.2 ገደማ ይወጣል። 43 ሙላ። የመልቲፕሌክሰሩን መውጫ 53.2 አድርግ። ለአንድ ቻናል በአማካይ 4.8 ማለት ነው፣ ለኤች.264 ኤችዲ በስታትመክስ የሚያሳፍር አይደለም።

ዝናብ አይወድም

ወደ 3/4 መውጣትን በተመለከተ፦ በዚሁ ሲምቦል ሬት፣ ፓይለት እንደበራ 59.88 ሜጋቢት ይሰጥሃል፣ 6.6 ገደማ ጭማሪ ነው። ዋጋው ግን አለ። የ2/3 የመቀበያ ወለል (ምስሉን ለመቀበል ሲግናሉ ከኖይዝ መብለጥ ያለበት ትንሹ መጠን) 6.6 ዴሲቤል ሲሆን የ3/4ቱ 7.9 ነው። ይህ 1.3 ዴሲቤል የሚቆረጠው ከተመልካቹ የዝናብ መጠባበቂያ ላይ ነው፤ ትንሽ ሰሃን ያለው መጀመሪያ ይጨልማል። በዚያ ላይ ስሌቱ እንዳለ ከቀረ፣ ቋቱን እንደገና ትሞላውና ማታ ማታ ያው ትመለሳለህ።

ሙሉጨረቃ

መውጫውን 53.2፣ ቋቱን 43 አደረግሁ። ትናንት ማታ ሁለት ኳስ አብሮ ሄዶ አንድም ስብርባሪ አልታየም። ባዶ ፓኬቱ በአማካይ 2.4 ሜጋቢት ነበር። ይበቃል?

ቢት ቆጣሪ

አማካዩን ተወውና ዝቅተኛውን እይ። የ1 ሰከንድ መስኮት ሹል ጫፎችን ይደብቃል፤ መስኮቱን 100 ሚሊሰከንድ አድርገህ የምሽቱን ዝቅተኛ ቁጥር አንብብ። በሂሳቡ 1 ሜጋቢት አካባቢ መቆም አለበት። ወደ 0.2 ከወረደ የሆነ ነገር ከስሌቱ ውጭ እየገባ ነው፣ መጀመሪያ ኢአይቲውንና ኢኤምኤሙን ፈትሽ።

ሙሉጨረቃ

ዝቅተኛው 0.9 ነው። 10ኛውን ቻናል ለምን ቋቱ ውስጥ ማስገባት አልተቻለም? 5 ሜጋቢቱን ሌሊት ላይ ለሌሎቹ ማካፈል ያጓጓል።

ሠንጠረዥ ሰሪ

ስታትመክስ የሚሠራው ኢንኮደሩ "የሚቀጥለው ምስል ይህን ያህል ይከብደኛል" ሲል፣ ተቆጣጣሪው መልሶ "ይህን ያህል ውሰድ" ሲል ነው። ምልልሱ በየፍሬሙ አካባቢ ስለሚካሄድ ኢንኮደሩ ቅርብ መሆን አለበት። ተጨምቆ የመጣ ምስል የሚጠይቅም የሚታዘዝም የለውም። ሁለት መንገድ አለህ፦ እዚያው ፈትቶ እንደገና መጨመቅ ወይም ትራንስሬተር (ሙሉ በሙሉ ሳይፈታ ቢትሬቱን የሚቀንስ መሣሪያ) ማስገባት። ሁለቱም ጥራት ይቀንሳሉ። ምንጩ 5 ሜጋቢት ብቻ ከሆነ እኔ አልነካውም፤ 15 አድርገው ቢልኩልህ ግን ፈትተህ እንደገና መጨመቁ ያዋጣል።

ጨለማ ክፍል

ወደ ደብዛዛው ዜና ቻናል ልምጣ። ከታች የሚሮጥ ጽሑፍ አለው? ካለው ፊደሎቹን ቀርበህ እይ። ጽሑፉ ወደፊት እየሄደ በትንሹ ወደኋላ የሚመለስ፣ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ የፊልድ (የአንድ ፍሬም መስመሮች ግማሽ) ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል። ኤችዲ ኢንተርሌስድ የላይኛውን ፊልድ ያስቀድማል፤ ከድሮ ኤስዲ የተቀየረ ምንጭ አንዳንዴ ገልብጦ ያመጣዋል። ኢንኮደሩ ያኔ እንቅስቃሴውን መከተል ስለማይችል ቢቱን ሁሉ ጽሑፉ ላይ ያፈስሰዋል፣ የአንባቢው ፊት ይደበዝዛል።

ሙሉጨረቃ

ጽሑፍ አለው፣ አይንቀጠቀጥም። ግን ምስሉ ላይ ደቃቅ እህል የመሰለ ነገር አለ፣ በተለይ ግድግዳው ላይ።

ጨለማ ክፍል

ኖይዝ ነው፣ ምናልባት የካሜራው ጌይን (ሲግናል ማጉያው) ከፍ ተደርጎ። ለዓይን እምብዛም አይታይ ይሆናል፣ ኢንኮደር ግን እያንዳንዷን እህል እንደ አዲስ እንቅስቃሴ ነው የሚያየው፤ ከአንዱ ፍሬም ወደ ሌላው አትደገምምና መጭመቅ አይቻልም። ለቋቱም ጎጂ ነው፦ ይህ ቻናል "ከብዶኛል" እያለ ከኳሱ ላይ ይወስዳል። ኢንኮደሩ ላይ ያለውን የኖይዝ መቀነሻ መካከለኛ ደረጃ ላይ አድርግ፣ ከዚያ በላይ የፊት ቆዳ ፕላስቲክ ያስመስላል። የዚህን ቻናል ትልቁን ከ12 ወደ 7 አውርድ፣ ትንሹን ከ2 ወደ 3 ከፍ አድርግ። የኳሶቹን ክብደት ብቻ አንድ ደረጃ ከፍ አድርግ፤ ሁሉንም "ቅድሚያ" ብትላቸው ማንም ቅድሚያ የለውም።

ስቱዲዮው ላይ መብራት ጨምሮ ጌይኑን መቀነስ ቢቻል ግን ከማጣሪያው ሁሉ ይሻላል።

ዝናብ አይወድም

አንድ ነገር ልጨምር። 9ኙም ቻናል አንድ ዓይነት የቀጥታ ዝግጅት የሚያስተላልፉበት ቀን ከመጣ ስታትመክስ ምንም አያተርፍልህም፣ ሁሉም በአንድ ሰከንድ ይከብዳቸዋልና። ለዚያ ቀን ዋናውን ቻናል ትንሹን 6 ያደረግክበት ሌላ ፕሮፋይል አስቀድመህ አዘጋጅና አስቀምጥ። ስትቀይር ከዝግጅቱ በፊት ይሁን፤ አንዳንድ ኢንኮደር ፕሮፋይል ሲቀየር ለአፍታ ይቋረጣል።