ፒዬዞ አሸዋን ከጨው መለየት ይችላል?

ጠያቂዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ለትምህርት ቤታችን የሳይንስ ዐውደ ርእይ የካሲኒን የአቧራ መመርመሪያ የሚያሳይ ነገር እየሠራሁ ነው። ካሲኒ እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2017 ሳተርንን ሲዞር የነበረው መንኮራኩር ነው። ቀጭን የብረት ሳህን ሥር ፒዬዞ፣ ማለትም ሲመታ የኤሌክትሪክ ምልክት የሚሰጥ ትንሽ ቁራጭ፣ አጣብቄ አሸዋ በተንኩበት። ምቱን ይቆጥራል፣ ግን ጠረጴዛውን ስነካውም ይቆጥራል። አሸዋውን ከጨው መለየት ደግሞ ጭራሽ አልቻልኩም። ሦስት ቀን ነው የቀረኝ፣ ምን ላድርግ?

መልስ 1፦ መለየቱን ተይው፣ በዚህ መንገድ አይሆንም። ካሲኒ ላይ ብናኙ የሚመጣው በሰከንድ ብዙ ኪሎ ሜትር እየበረረ ነው፤ ሮዲየም ከሚባል ብረት የተሠራው ሰሌዳ ላይ ሲላተም ይተንና ከፊሉ አዮን፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ሙላት ያለው ቅንጣት፣ ይሆናል። አዮኖቹን የኤሌክትሪክ መስክ ይገፋቸዋል፣ ቀላሎቹ ቀድመው ይደርሳሉ፣ ከባዶቹ ይዘገያሉ፣ ብናኙ ከምን እንደተሠራ የሚታወቀውም ከዚህ የሰዓት ልዩነት ነው። ከእጅሽ የወደቀ አሸዋ ግን ይነጥራል እንጂ አይተንም።

መልስ 2፦ ልክ ነው፣ ግን ሥራሽን እንዳትጥዪው! ካሲኒ ላይ ብናኝ በበዛበት ቦታ ምቱን ብቻ የሚቆጥር ሌላ ክፍልም ነበር። ፒ.ቪ.ዲ.ኤፍ ከሚባል ቀጭን የፕላስቲክ ፊልም የተሠራ ነው፣ ብናኝ ሲመታው የኤሌክትሪክ ምልክት ይሰጣል። ያንቺ ሳህን የዚያ ዘመድ ነው፣ እንደዚያ ብለሽ አቅርቢው። ለጠረጴዛው ችግር ሳህኑን ስፖንጅ ላይ አስቀምጪው፣ ሁለተኛ ፒዬዞ ደግሞ ጠረጴዛው ላይ አጣብቂ። ሁለቱ እኩል ከጮሁ አትቁጠሪው፤ ሳህኑ ብቻውን ከጮኸ አሸዋ ነው።

መልስ 3፦ ኬሚስትሪውንም ማሳየት ትችያለሽ። መጠናቸው እኩል የሆነ አንድ የእንጨትና አንድ የብረት ኳስ ፈልጊ፣ በአንድ ዓይነት ስፕሪንግ እኩል ገፍተሽ ለስላሳ ቦይ ላይ ልቀቂያቸው። እንጨቱ ይቀድማል፤ የአዮኖቹ ነገር ይኸው ነው። ጨው ማንሳትሽ ደስ ብሎኛል፣ ምክንያቱም መሣሪያው ካገኛቸው ነገሮች ሁሉ እኔ የምወደው እሱን ነው። ኢንሴላደስ ከምትባለው የሳተርን ጨረቃ የሚፈነጥቁት የበረዶ ብናኞች ውስጥ የሶዲየም ጨው ተገኘ፣ ግኝቱ እ.ኤ.አ. በ2009 ታተመ፤ ከበረዶው ሥር ዐለት የሚነካ ውሃ እንዳለ ያመለከተው ይህ ነው። በ2023 ደግሞ እዚያው መረጃ ውስጥ ፎስፌት (ፎስፈረስ ያለበት ውህድ) ተገኘ፣ መንኮራኩሩ ሳተርን ውስጥ ገብቶ ከጠፋ ከዓመታት በኋላ ማለት ነው። ይህን ከኳሶቹ አጠገብ ጻፊው።

ጠያቂዋ፦ ስፖንጁና ሁለተኛው ፒዬዞ ሠርተዋል! ጠረጴዛውን በቡጢ ብመታውም አይቆጥርም። የእንጨት ኳስ አገኘሁ፣ ነገ የብረቱን እፈልጋለሁ።