ቲምፕ-2 ገቺ ነው ወይስ አጋዥ? እባካችሁ አስረዱኝ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ወሎ ደሴ የምማር የባዮኬሚስትሪ ተማሪ ነኝ። ሰኞ ማትሪክስ ሜታሎፕሮቲኔዝ (በአጭሩ ኤምኤምፒ) ስለሚባሉ ኢንዛይሞች ክፍል ውስጥ አቀርባለሁ፤ አንድ ቦታ ላይ ግን ጭንቅላቴ ቆሟል።

መነሻው ገብቶኛል። እነዚህ ኢንዛይሞች በሴሎች መካከል ያለውን የኮላጅን መረብ ይቆራርጣሉ። ለሥራቸው ዚንክ ይፈልጋሉ። ሲመረቱ ግን ተቆልፈው ነው፤ ሲስቴይን የተባለ አንድ አሚኖ አሲድ ዚንኩን ይዞ አፋቸውን ይዘጋዋል። መቆለፊያው ሲቆረጥ ይነቃሉ። ቲምፕ የሚባሉት 4 ፕሮቲኖች ደግሞ የነቁትን ይገታሉ።

ግራ ያጋባኝ ቲምፕ-2 ነው። ገቺ ሆኖ ሳለ፣ ከኢንዛይሞቹ አንዱ የሆነው ኤምኤምፒ-2 እንዲነቃም ያስፈልጋል! በአንድ ጫፉ የሴሉ ሽፋን ላይ ያለውን ኤምቲ1-ኤምኤምፒ የተባለ ሌላ ኢንዛይም፣ በሌላው ያልነቃውን ኤምኤምፒ-2 ይይዛል። ከዚያ ጎኑ ያለ ነፃ ኤምቲ1-ኤምኤምፒ መቆለፊያውን ይቆርጣል። ትናንት ማታ መብራት ጠፍቶ በሻማ ሦስት ጊዜ ሳልኩት። ቲምፕ-2 ሲበዛ ኤምቲ1ዎቹ ሁሉ ይያዛሉ፣ የሚቆርጥ ይጠፋል ብዬ ገመትኩ። ልክ ነኝ? የሚወስነው መጠኑ ብቻ ነው?

ነገሩ ለእኔ ከውጤት በላይ ነው። እናቴ እግሯ ላይ የወጣው የስኳር ቁስል ወራት አልፎት አልደረቀም። እንዲህ ባለ ቁስል ውስጥ እነዚህ ኢንዛይሞች ይበዛሉ። የምታውቁ ካላችሁ በእናታችሁ፣ በቀላል አማርኛ ጻፉልኝ።