በትንሽ ገንዘብ ኪሮሽ መሥራት እፈልጋለሁ፤ ክሩን ከየት ላምጣ?

ጥያቄ፦ ጀማሪዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ኪሮሽ ከጀመርኩ ገና ነው፤ ግን በጣም ወድጄዋለሁ። ማታ ሥራ ጨርሼ አረፍ ስል እጄ ራሱ መርፌውን ይፈልጋል። ችግሬ ገንዘብ ነው። የማገኘው ከቤት ወጪ ብዙም አያልፍም፤ ለክር ብዬ የማስቀምጠው ትንሽ ነው። አሁን ያለኝ አንድ 4 ሚሊ ሜትር መርፌ፣ የተጋመሰ ጥቅል ክር፣ ማንም የማይለብሳቸው ሁለት አሮጌ ሹራቦች፣ በቃ ይሄው ነው። በቪዲዮ የማያቸው ሰዎች ግን ግድግዳ ሙሉ ክር ደርድረዋል። እኔ አንድ ብርድ ልብስ ብሠራ ደስታዬ ነው። ሳልበደር፣ ከቤት ወጪ ሳልነካ እንዴት ልቀጥል? ምን ልግዛ? ምንስ ይቅርብኝ?

መልስ፦ ሰማያዊ ክር

እህቴ፣ ሹራብ ካለሽ ክር አለሽ ማለት ነው። ተርትሪው። ግን መቀስ ከማንሳትሽ በፊት ሹራቡን ገልብጪና የጎኑን ስፌት በደንብ እዪው፤ ሁሉም ሹራብ አይተረተርም።

ፊቱና ኋላው ለየብቻ በልኩ ተሠርቶ ከዚያ የተገጣጠመ ከሆነ፣ ጠርዙ ያልተቆረጠና ቀለበት ቀለበት ሆኖ ይታያል። እሱ ይተረተራል። ከትልቅ ጨርቅ ተቆርጦ የተሰፋ ከሆነ ደግሞ ጠርዙ በኦቨርሎክ ተመትቷል፤ ቀጫጭን ክሮች ስፌቱ ላይ ተጠላልፈው ታያለሽ። እሱን ብትተረትሪው ክሩ በየመስመሩ ስለተቆረጠ ቁርጥራጭ ብቻ ነው የሚወጣልሽ። ለትራስ መሙያ አስቀምጪው። በሙቅ ውሃ ታጥቦ የተጠቀጠቀ ሱፍም እንዲሁ ነው፤ ክሩ እርስ በርሱ ስለተያያዘ ስትስቢው ይበጠሳል።

የሚተረተረውን ስትይዢ መጀመሪያ አንገቱን፣ ከዚያ እጅጌውን፣ መጨረሻ ላይ ጎኑን ፍቺ። ስፌቱን በሁለት እጅሽ ግራና ቀኝ ሳብ ስታደርጊው መሀሉ ላይ መሰላል የሚመስል ክር ይወጣል። የሚቆረጠው እሱ ብቻ ነው። ከአጠገቡ ያለውን የሹራቡን ክር ከነካሽው ሹራቡ እዚያ ቦታ ላይ ይበጠሳል፤ ስለዚህ ብርሃን ያለበት ቦታ ተቀምጠሽ፣ ሳትቸኩዪ። ክፍሎቹ ከተለያዩ በኋላ ከላይ፣ ከትከሻው በኩል ጀምሪ። አብዛኛው ሹራብ ከታች ወደ ላይ ስለሚሠራ ክሩ የሚያልቀው እዚያ ነው። ጫፉን አንዴ ካገኘሽው መስመር በመስመር ራሱ ይመጣልሻል።

የወጣውን ክር ወንበር መደገፊያ ላይ ጠቅልይው። በአራት ቦታ በሌላ ቀለም ክር ላላ አድርገሽ እሰሪውና አውጪው። ለብ ያለ ውሃ ላይ ትንሽ ሳሙና ጨምረሽ ግማሽ ሰዓት ያህል ዘፍዝፊው፤ አትሺው፣ አትጭመቂው። በንጹህ ውሃ አለቅልቀሽ ስትሰቅዪው ከታች ቀለል ያለ ነገር አንጠልጥዪበት። የተጠማዘዘው ክር እየደረቀ ይቃናል። ቀጥ ካላለ ድገሚው እንጂ በካውያ አትሞክሪ።

መልስ፦ ቀጭን መርፌ

በካውያው ላይ ልጨምር። ክሩ አክሪሊክ፣ ማለትም ሰው ሠራሽ ክር ከሆነ ሙቀት ይገድለዋል፤ ይልፈሰፈሳል፣ ወደ ነበረበትም አይመለስም። ሱፍ ከሆነ ደግሞ ሙቅ ውሃና እሽታ ያጨማድደዋል። ስለዚህ ምን እንደያዝሽ ማወቅ አለብሽ። ሹራቡ ውስጥ ያለው ምልክት ከጠፋ፣ የጣት ያህል ክር ቆርጠሽ በወረንጦ ያዢና በእሳት ሞክሪው። ውሃ የያዘ ሳህን ከሥር ይኑር፣ መስኮቱም ይከፈት። ሱፍ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ ከእሳቱ ስታርቂው ይጠፋል፣ አመዱም በጣት ይፈርሳል። ጥጥ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል። አክሪሊክ ይቀልጥና ሲቀዘቅዝ ጠንካራ ጉብታ ይሆናል። ሲቀልጥ ስለሚንጠባጠብ እጅሽን ጠብቂ። የተቀላቀለ ክር ከሆነ ምልክቱም ይቀላቀላል፤ እንዲህ ያለውን እንደ ሱፍ ቆጥረሽ በቀዝቃዛ ውሃ እጠቢው።

መልስ፦ የዳንቴል እናት

ልጄ፣ ስለ ብርድ ልብሱ ልንገርሽ። አንድ ወጥ ብርድ ልብስ አትጀምሪ። ብዙ ክር በአንድ ጊዜ ይጠይቅሻል፤ መሀል ላይ ካለቀብሽ ያንኑ ቀለም ፍለጋ መንከራተት ነው። ካሬ ካሬ አድርገሽ ሥሪው። ክር በተገኘ ቁጥር አንድ ሁለት ካሬ ትሠሪያለሽ፤ ባልተገኘ ጊዜ ደግሞ የሠራሽው አይበላሽም፣ ይጠብቅሻል።

ቀለሙ ይዘበራረቃል ብለሽ አትስጊ። ውስጡ የፈለገውን ይሁን፤ የሁሉም የመጨረሻ ዙር በአንድ ቀለም ከሆነ ዓይን አንድ ላይ ያየዋል። ገንዘብ ስታገኚ የምትገዢው ያንን አንድ ቀለም ብቻ ነው። እኔ ለጠርዝ ጠቆር ያለውን እመርጣለሁ፤ የተለያየ ክር አጠገብ ለአጠገብ ሲሆን ይሰበስበዋል።

ስንት ክር እንደሚፈጅ ቀድሞ ማወቅም ይቻላል። አንድ ካሬ ሥሪና በወጥ ቤት ሚዛን መዝኚው። ለምሳሌ 10 ሴንቲ ሜትር በ10 ሴንቲ ሜትር የሆነው ካሬ 8 ግራም መዘነ እንበል። ጉልበት ላይ ጣል ለሚደረግ፣ 100 በ120 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ብርድ ልብስ 120 ካሬ ያስፈልጋል። በ8 ስታበዢው 960 ግራም ነው። ለመገጣጠሚያ ትንሽ ጨምሪበት። ቁጥሩ ከበዛብሽ አሁኑኑ አሳንሺው፤ ለሕፃን የሚሆንም ብርድ ልብስ ነው።

ደግሞ ከሥዕሉ አትጀምሪ፣ ከያዝሽው ክር ጀምሪ። ሥዕል አይቶ ለሥዕሉ ክር መፈለግ ነው ሰውን የሚያስወጣው።

መልስ፦ ነገ እጨርሳለሁ

መግዛት ሲመጣ ጥቅሉ ላይ የተጻፈውን ሜትር እዪ። ሁለቱም 100 ግራም ሆነው አንዱ 200፣ ሌላው 300 ሜትር ሊሆን ይችላል። ዋጋውን ለሜትሩ ስታካፍዪው የትኛው እንደሚያዋጣ ይታያል፤ ብቻ ውፍረቱ ለምትሠሪው ነገር መሆኑን አረጋግጪ። የጠርዙን ቀለም በአንድ ጊዜ ግዢው፤ ካልቻልሽ ወረቀቱ ላይ ያለውን የቀለም ዙር ቁጥር ያዢ። ቁጥሩ ሲለያይ ያው ቀለም እንኳ ትንሽ ይለያል።

የመርፌ ሳጥን ይቅርብሽ። 4ቱ ይበቃሻል፤ ወፍራም ክር ሲገኝ 5 ወይም 6 አንድ ትጨምሪያለሽ። ስትሠሪ ቦታ ለመለየት ለምልክት የሚሸጡትንም እርሺያቸው፤ የሌላ ቀለም ቁራጭ ክር ወይም መርፌ ቁልፍ ያው ነው።

መልስ፦ ቲሸርት ቆራጭ

አሮጌ ቲሸርትም ክር ይሆናል። ከብብት በታች ያለውን ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ጥብጣብ ትቆርጪና ስትስቢው ራሱ ይጠቀለላል። ለቅርጫትና ለእግር መጥረጊያ ምንጣፍ የሚያህለው የለም። ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ 8 ወይም 10 ሚሊ ሜትር መርፌ ይፈልጋል። በ4ቱ ከታገልሽ እጅሽ ይታመማል። ለጊዜው ቆይ በዪው።

ጀማሪዋ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ገልብጬ አየኋቸው። አንዱ ኦቨርሎክ ነው። ሌላው ግን ቀለበቱ ይታያል፣ ትከሻው ላይ ጀምሬ እየመጣልኝ ነው! በእሳት ስሞክረውም ፀጉር ፀጉር ሸተተ። አሁን ሁለት ነገር ልጠይቅ። ክሩ ለ4ቱ መርፌ ቀጠነብኝ። ክርኑ አካባቢ ደግሞ ሳስቷል፤ ሁለቴ ተበጠሰብኝ።

መልስ፦ ሰማያዊ ክር

እሰይ! ሱፍ ነው የደረሰሽ። ለቅጥነቱ ሁለቱን ደርበሽ ሥሪው፤ ከሁለት ልቃቂት አንድ አንድ ጫፍ ይዘሽ አብረሽ ጠቅልያቸው፣ ስትሠሪ አንዱ ከሌላው ቀድሞ እንዳያልቅብሽ። የሳሳውን አታስተርፊው፣ ቁረጪና ጣዪው። ብርድ ልብሱ ውስጥ ከገባ ቀድሞ የሚበሳው እዚያ ጋ ነው።

መልስ፦ የዳንቴል እናት

ሱፍ ከሆነማ ቋጠሮም አያስፈልግሽ። የሁለቱን ጫፍ ትንሽ ፈታ ፈታ አድርገሽ አደራርቢ፣ በውሃ አርጥቢና በመዳፎችሽ መሀል እስኪሞቅ እሺው። ተያይዞ አንድ ክር ይሆናል። በማሽን እንዲታጠብ ተብሎ የተዘጋጀ ሱፍ ግን አይያያዝም፤ እንዲያ ከሆነ ቋጥሪና ጫፉን በመርፌ ውስጥ ለውስጥ ደብቂው። የመጀመሪያውን ካሬ ስትጨርሺ መዝነሽ ጻፊልን፣ ሒሳቡን አብረን እንሠራዋለን።