ለባንክ የምናቀርበው የጋራ የብድር ሐሳብ፦ የሒሳብ ክፍሉን እንዴት እናዘጋጀው?

ጸሐፊ፦ ጤና ይስጥልን። የሥራ ማስኬጃ ብድር ረቂቃችን አብዛኛው ገጽ ስለ መያዣ ነው፤ ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ያለው ሕንፃ፣ ሳቢያን ሰፈር ያለው መጋዘን። ባንክ መያዣ መጠየቁ አይቀርም፤ ብድሩ እንዲመለስለት የሚፈልገው ግን ከሽያጭ ነው። ስለ ሒሳብ መግለጫ ያለን ሁለት መስመር ብቻ ነው። ሐሳብ ስጡበት።

የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ፦ የ2017 ትርፌ የ2016ቱ እጥፍ ነው። እሱን ፊት ላይ ብናስቀምጠው አይበቃም፣ አቦ?

ባንክ ቤት የሠራችው አባል፦ ወንድሜ፣ የባንኩ የብድር ተንታኝ መጀመሪያ የሚጠይቀው ትርፉ ከየት እንደመጣ ነው። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ መጋዘንህ የነበረው ዕቃ በድሮው ምንዛሪ የገባ ነበር፤ በአዲሱ ዋጋ ሸጥከው። እንዲህ ያለው ትርፍ በየዓመቱ አይገኝም። ያንኑ ያህል ዕቃ በጅቡቲ መልሰህ ለማስገባት ደግሞ የሚያስፈልግህ ብር እጅግ ጨምሯል። ትርፍ አለ፣ ካዝናው ግን ባዶ ሊሆን ይችላል። ይህን የሒሳቡ ማብራሪያ ላይ ራሳችን እንጻፈው፤ ተንታኙ ደርሶበት ከጠየቀን ያልተናገርነው ሌላስ ምን አለ ይላል።

ከዚያ ዱቤውን ያያል። ሽያጭ በዓመት 12 ሚሊዮን ብር፣ ያልተሰበሰበ ዱቤ 4 ሚሊዮን ብር ቢሆን፣ 4 ለ12 ተካፍሎ በ365 ሲባዛ ገንዘቡ እጃችን የሚገባው በ122 ቀን ገደማ ነው። አቅራቢ በ30 ቀን ክፈሉ ካለ፣ የሦስት ወሩን ክፍተት ማን ይሸፍናል? ብድሩን የምንፈልገው ለዚሁ ስለሆነ ስሌቱ ረቂቁ ላይ ይቀመጥ። ከሥራ የሚገኘው ጥሬ ገንዘብ 1.5 ሚሊዮን፣ የዓመቱ ክፍያ ከነወለዱ 1.2 ሚሊዮን ከሆነ ደግሞ 1.25 እጥፍ ይሸፍናል ማለት ነው። ከ1 በታች ከወረደ ሕንፃ ብናስይዝም እንቸገራለን።

የግንባታ ዕቃ ነጋዴ፦ እኛ ጋ ዱቤ በቃል ነው። የዘመናት ደንበኛን ፈርም ማለት ይከብዳል።

ባንክ ቤት የሠራችው አባል፦ ይገባኛል እህቴ። ግን መዝገብ ላይ ያልሰፈረ ዱቤ ለባንክ የለም። ቢያንስ ከአሁን በኋላ ያለው በደረሰኝ ይሁን። ለገቢዎች አንድ መዝገብ፣ ለባንክ ሌላ የሚባለውንም እንተው፤ ተንታኙ የግብር ማስታወቂያውን፣ የባንክ ስቴትመንቱንና ኦዲት የተደረገውን ሒሳብ ጎን ለጎን ነው የሚያነበው። የአንድ አባል ቁጥር ካልተጣጣመ የሁላችንም ጥያቄ ይበላሻል።

የመለዋወጫ ነጋዴ፦ እሺ፣ የድሮውን ክምችት ትርፍ ለብቻው እለያለሁ። ከወለድ ነፃ ለምንፈልገውስ?

ባንክ ቤት የሠራችው አባል፦ በሙራባሃ ባንኩ ዕቃውን ገዝቶ ትርፍ ጨምሮ በዱቤ ይሸጥላችኋል። የመክፈል አቅም ምርመራው ያው ነው።

ጸሐፊ፦ እንግዲህ ረቂቁ ላይ የማስገባው፦ የየአባሉ የሦስት ዓመት ኦዲት የተደረገ ሒሳብ፣ የጥሬ ገንዘብ ፍሰት፣ ያልተሰበሰበ ዱቤ ከነዕድሜው (ሳይከፈል ከቆየበት ጊዜ ጋር)፣ የምንዛሪው ማብራሪያ። የሰኔ 30 ቆጠራ ላይ የማይሸጥ ዕቃ ለብቻው ይመዝገብ። የጋራ የሒሳብ ባለሙያ ወጪን እንዴት እንደምንካፈል ግን አልተነሳም፤ በሽያጭ መጠን ይሁን ወይስ እኩል?