ድዷ የሚደማ ጦጣ፦ አንቲባዮቲክ ይበቃታል?

ጠያቂ፦
በእንስሳት መጠለያችን አንዲት ያረጀች ሬሰስ ማካክ ጦጣ አለች። ድዷ ቀልቶ አብጧል፣ ስታኝክ ይደማል፣ ትንፋሿም ይከረፋል። ሰሞኑን ምግቧን ታነሣና መልሳ ትጥለዋለች። የሰው ጥርስ ሳሙና ልጠቀም ወይስ አንቲባዮቲክ ይበቃታል? ስትሠቃይ ማየት ከብዶኛል።

የእንስሳት ሐኪም፦
ከሁሉ አስቀድሞ አፏን በእጅዎ ለመክፈት እንዳይሞክሩ። ማካኮች ሄርፒስ ቢ የተባለውን ቫይረስ ሳይታመሙ ሊሸከሙት ይችላሉ፤ በንክሻ ወይም በምራቅ ሰው ላይ ከተላለፈ ግን አንጎልን አጥቅቶ ሊገድል ይችላል። ብትነክስዎ ወይም ምራቋ ዓይንዎ ውስጥ ቢገባ ወዲያውኑ 15 ደቂቃ ያህል ታጥበው ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

ምርመራው በማደንዘዣ ነው የሚደረገው። በጥርሱና በድዱ መካከል ያለው ክፍተት ይለካል፣ ራጅም ይነሣል። ሕመሙ ከድዱ ካላለፈ በጽዳት ይድናል። ጥርሱን የያዘው አጥንት ከተበላ ግን የጠፋው አይመለስም፤ ክፉኛ የሚነቃነቅ ጥርስ ካለም ይነቀላል። አንቲባዮቲክ ብቻውን አይበቃም። ባክቴሪያዎቹ ጥርሱ ላይ ተጣብቀው በሠሩት ንጣፍ ውስጥ ስለሚከለሉ መድኃኒቱ በሚገባ አያገኛቸውም። ንጣፉ ከድዱ ሥር ጭምር መፋቅ አለበት።

የማይክሮባዮሎጂ ባለሙያ፦
ከድድ ሥር መባሉ ትክክል ነው። ዋነኛው ተጠርጣሪ ፖርፊሮሞናስ ጂንጂቫሊስና ዘመዶቹ ኦክሲጅን የሌለበትን ቦታ ይመርጣሉ፤ ክፍተቱ በጠለቀ መጠን ይመቻቸዋል። በ1988 (እ.ኤ.አ.) በታተመ ጥናት ይህ ባክቴሪያ በማካኮች ድድ ውስጥ ሲጨመር የጥርሳቸው አጥንት በፍጥነት መሟሸሽ ጀምሯል። እንደ እኛው 32 ጥርስ ስላላቸው የሰውን የድድ በሽታ ለማጥናት ለረጅም ጊዜ አገልግለዋል።

የጦጣ ተንከባካቢ፦
ቫይታሚን ሲ እንዳይረሳ! ጦጣ እንደ ሰው ሁሉ በሰውነቷ ውስጥ ልታመርተው አትችልም፤ ሲጎድላት ድዷ ያብጣል፣ ይደማል። መኖ ሲቆይ ደግሞ ቫይታሚኑ እየቀነሰ ይሄዳል። የተመረተበትን ቀን ዛሬውኑ ይዩና ለሐኪሙ ይንገሩ። የሰው ጥርስ ሳሙና አይስጧት፤ መትፋት ስለማትችል ፍሎራይዱን ትውጠዋለች። ብሩሹም ቢሆን ድዷ እስኪያገግም ይቆይ። ከዚያ በኋላ በሽቦው በኩል፣ እጀታው ረጅም በሆነ ለስላሳ ብሩሽ፣ እየሸለሙ በትዕግሥት ያለማምዷት።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጥርሷ ቢነቀል መብላት ትችላለች?

የእንስሳት ሐኪም፦
አዎ። መኖውን በውኃ አርሰው፣ አትክልቱን ቀቅለው ይስጧት። ብዙዎቹ የሚያሠቃያቸው ጥርስ ሲወጣላቸው እንዲያውም የተሻለ ይበላሉ። እስከ ቀጠሮው ድረስም ይህንኑ ያድርጉ፤ ጨርሳ መብላት ካቆመች ግን ቀጠሮውን ሳይጠብቁ ይውሰዷት።