ሊነክስ ልግባ ወይስ ሌላ ላፕቶፕ ልግዛ?

ሰላም ለሁላችሁ፣ ግራ ገብቶኛልና እስቲ አንድ በሉኝ። ላፕቶፔ ኮር አይ 5 ነው፣ 7ኛ ጄኔሬሽን፣ ራሙ 8 ጊጋ፣ ሃርድ ዲስኩ ያው የድሮው የሚሽከረከረው። ማይክሮሶፍት የዊንዶውስ 10ን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል በኩል ባብዛኛው 8ኛ ጄኔሬሽንና ከዚያ በላይ ስለሚፈልግ የእኔን አይቀበልም። ማሽኑ ግን ጤነኛ ነው፤ ለዚህ ብሎ መጣል ያናድዳል።

ሊነክስ ሚንትን (በዊንዶውስ ፈንታ የሚሠራ ነጻ ሲስተም ነው) ሳልጭን በፍላሽ አስነስቼ አየሁት። ሜኑው ከዊንዶውስ ብዙም ስለማይርቅ አልከበደኝም፣ እንዲያውም ከ11ዱ ይልቅ እሱ ተመችቶኛል። ዋይፋዩም ወዲያው ያዘ። አማርኛ መጻፊያም አለው።

ራስ ምታቴ ፒችትሪ ነው። የሱቁን ሂሳብ የምሠራው በእሱ ነው፣ እሱ ደግሞ የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው። ከዩኒኮድ (አሁን ሁሉም ኮምፒውተር ከሚያውቀው የፊደል አሠራር) በፊት በነበሩ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፉ ደብዳቤዎችም አሉኝ፣ ፎንቱ ከሌለ የማይነበብ ምልክት ብቻ ይሆናሉ።

ያሰብኩት ኤስኤስዲ (የማይሽከረከረውን ፈጣኑን ዲስክ) ገዝቼ ሚንትን ለኢንተርኔት፣ ዊንዶውስ 10ን ከኔት አቋርጬ ለሂሳብ ብቻ ጎን ለጎን መጫን ነው። ያገለገለ ላፕቶፕም ጠይቄ ነበር፣ ግን ሻጩ ሁሉ «ኮር አይ 7 ነው» ይላል እንጂ ስንተኛ ጄኔሬሽን እንደሆነ ሲጠየቅ ወሬ ይቀይራል።

ፒችትሪን ሚንት ውስጥ በቨርቹዋል ማሽን (ዊንዶውስን እንደ አንድ ፕሮግራም ከፍቶ) የሞከረ አለ? 8 ጊጋ ራም ይበቃዋል ወይስ ይንቀራፈፋል? ሁለቱን ጎን ለጎን የጫናችሁስ፣ የቱን ቀድሜ ልጫን?